ማንጎ የበቀለበት ጦር ሜዳ

ከተማ የተባለ ሁሉ አንድ ያልዘመተ ጀግና አለው። ሻይ ቤት ካለ እሱም አለ። የዘመተው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ይጠጣል፤ ያልዘመተው ቆሞ ምሽጉ በየት በኩል እንደተሰበረ ያስረዳል። የዘመተው «ተወው እባክህ» ይላል፤ ያልዘመተው ብርጭቆውን ታንክ፣ የስኳር ዕቃውን ኮረብታ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ጦር ያሰልፋል። የእናንተው ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ወይም ቤት አከራያችሁ፤ ያን ጊዜማ እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ነው። ሌላው ከተማ የራሱን ይቻል። የእኛ የነቀምቶቹ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም የእኛው ያወራውን በሥዕል ያሳትም ነበር።

ክቡር ፊልድ ማርሻል ቢራቱ፤ አድራሻ ባኬ ጃማ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ የሰፈሩ ሰዎች ነን፣ መንግሥት አልሰማም። በራቸው ላይ የተጻፈው «የማስታወቂያ ጽሕፈት ሥራ» የሚል ነው። የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ ይጽፋሉ፣ ለምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከበሬው የሚበልጥ ጥብስ ይሥላሉ። ይኼ ሁሉ ግን የእንጀራ ነገር ነው። እውነተኛ ሙያቸው ጦርነት ነው። በደርግ ጊዜ በከተማው ልጅ ሁሉ እጅ የነበረውን «አሥር አለቃ ደፋሩ» የተባለ የጦርነት የሥዕል ታሪክ፣ ቁጥር በቁጥር እያደረጉ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ጦር ሜዳ ግን ረግጠው አያውቁም። ሊረግጡ ነበር። ከአብሮ አደጋቸው ከጂሩ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ፤ ሐኪሙ የቢራቱን እግር ገልብጦ አየና «ውስጥ እግርህ ጠፍጣፋ ነው፣ ረጅም መንገድ አትችልም፣ ወደ ቤትህ» አላቸው። ጂሩ ሸጋ እግር ነበረው፤ ሄደ። ጋሽ ቢራቱ ተመልሰው ብዕር አነሡ፤ በዚያው ዘመቱ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በአፋቸው የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። መብራት ሲጠፋ፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም፣ ባለቤታቸው «ወጡ አረረ» ሲሏቸው፣ ጋሽ ቢራቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ግንባር ላይ ይኼ ያለ ነው» ይላሉ። በየትኛው ግንባር ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ቀን ለቀበሌው መፈክር ይጽፋሉ፤ ለውለታው ሊቀመንበሩ የማባዣ መኪናውን ይፈቅዱላቸዋል። ስቴንስሉን፣ ያን ሰም የተቀባ የማባዣ ወረቀት፣ በተሳለ ምስማር እየፈቀፈቁ ታንክ ያወጡበታል፣ ጭስ ያወጡበታል፣ «ድው! ጠጠጠጠ!» ይጽፉበታል። ታንኩ ጥሩ ነበር፤ ፊቱማ ከማንም የተሻለ ነበር። የሰፈሩን ሰው ፊት እየወሰዱ ስለሚሥሉ፣ አዲስ ቁጥር በወጣ ቁጥር ሰው ራሱን ፍለጋ ይገለብጥ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ኮሎኔል ሆኖ ስለወጣ ለወር ያህል ሰላምታ ከለከለን።

እግር ግን የለም። ጋሽ ቢራቱ እግር መሣል አይችሉም፤ ወይም አይፈልጉም። ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ብርጌድ፣ ከጉልበት በታች ሣር ውስጥ ነው። ሲሮጡ ሣር፣ ሲማርኩ ሣር፣ ምሽግ ውስጥ ሳይቀር ሣር። ያ ሐኪም እግራቸውን ገልብጦ ካየ ወዲህ ከእግር ጋር ተቀያይመዋል የሚል ግምት አለኝ፤ ነግሬያቸው ግን አላውቅም።

ደግሞ ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ በመዝሙሩ ጓድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ አሥር አለቃ ደፋሩ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጠላቱን እንኳ ሲሰድብ «አንተ የማታፍር!» ነው የሚለው፤ ከዚያ በላይ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ከውጊያ በፊት ሻምበሉ በሙሉ እንደሚጸልይ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ያኔ ይኼ አደገኛ ነገር ነበር። ሊቀመንበሩ ጠሯቸው።

«ጓድ ቢራቱ፣ እነዚህ ምን እያደረጉ ነው?»

«አቧራ ገብቶባቸው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይኼ ሁሉ ሣር ባለበት አቧራው ከየት መጣ?»

«ግንባር ላይ ይኼ ያለ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩም ግንባር አልሄዱም ነበርና ወረቀቱን መለሱላቸው።

አሁን ወደ ማንጎው ልምጣ። ጋሽ ቢራቱ ከወለጋ ወጥተው አያውቁም። በሳቸው ሐሳብ አገር ማለት ቀይ አፈርና ዝናብ ነው፣ ከዝናቡ ኋላ ደግሞ ማንጎ። የሰሜኑን ጦር ሜዳ፣ ያን ድንጋይና ፀሐይ ብቻ የሆነውን ምድር፣ በሬዲዮ በሰሙት ስም ከጠሩት በኋላ በማንጎ ሞሉት። ታንክ ከማንጎ ኋላ ብቅ ይላል። ጠላት ከማንጎ ላይ ዘሎ ይወርዳል። በአንድ ቁጥር ላይ ጦሩ ስንቅ አልቆበት ለሦስት ቀን ሲራብ፣ ከራሱ በላይ የበሰለ ማንጎ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛ ልጆቹ ምንም አልገረመንም። የማናውቀው ነገር ማንጎ የሌለበት አገር ነበር።

አከፋፋዩ ጋሽ ሸዋርጋ ነበሩ፤ የጉራጌ ሰው፣ እስከ ዛሬም ሱቃቸው ከጋሽ ቢራቱ ፊት ለፊት ነው። ያኔ ከሳሙናና ከጨው ጎን ደርድረው ይሸጡት ነበር፤ ያልተሸጠውን ስኳር ይጠቀልሉበት ነበር። አንባቢ ያገኘነው በዚህ ነው። «አሥር አለቃ ደፋሩ» ሩብ ኪሎ ስኳር ይዞ ዲጋ ገባ፤ በርበሬ ይዞ የጉቶ ጊዳን ገጠር አዳረሰ። አንድ ገበሬ አንድ ቅዳሜ መጥቶ፣ «አካም ጂርታ ሸዋርጋ? ስኳሩ አላለቀም፣ ድልድዩ ፈርሶ እንደሆነ ልጠይቅ ነው» ማለቱ እስከ አሁን ይወራል። ጋሽ ሸዋርጋ የድልድዩን ገጽ ፈልገው ሩብ ኪሎ ቡና ጠቀለሉለት። በዚህ ዓይነት ስርጭት ግን ሙሉ ሆኖ የቀረ ቁጥር የለም፤ አብዛኛው ተቀደደ፣ ተጣለ፣ እሳት ተጫረበት።

መንግሥት ሲለወጥ ቀበሌው ማባዣውን አጣው፤ የአሥር አለቃ ደፋሩም ሥራ አበቃ። በዚያው ሰሞን ጋሽ ኢስማኢል በአንድ እግርና በሁለት ክራንች ከሰሜን ተመለሱ። የሰፈራችን ልጅ ናቸው፣ ከጂሩ ጋር አንድ ክፍለ ጦር ነበሩ፤ ቀኝ እግራቸው እዚያው ቀርቷል። ጋሽ ሸዋርጋ በረንዳቸው ላይ የልብስ ስፌት መኪና እንዲዘረጉ ፈቀዱላቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ በግራ እግራቸው ፔዳሉን እየረገጡ የከተማውን ሱሪ ይሰፋሉ። ሲምሉ ደግሞ ለጉድ ነው። ለአንዲት ቁልፍ እንኳ «ወላሂ አትወልቅም» ሳይሉ አያስረክቡም።

እንግዲህ አስቡት። ያልዘመተው ጀግና ከመንገዱ ወዲህ፣ የዘመተው ከመንገዱ ወዲያ።

«አንተ ቢራቱ!» ይላሉ ጋሽ ኢስማኢል ከመኪናቸው ላይ። «እስቲ ያቺን ማንጎ ጠቁመኝ። እንሽላሊት ጥላ አጥታ በኔ ጠመንጃ ሥር ነበር የምትጠለለው! ወላሂ!»

«አንተ በዚያ በኩል አልነበርክማ» ይላሉ ጋሽ ቢራቱ።

«አንተስ በየት በኩል ነበርክ?»

«እኔ አጠቃላዩን ነው የማየው።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!»

ይኼን ጭቅጭቅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ድሮ ሱሪ አሳጥሩልኝ ብሎ የመጣ ሰው ሱሪውን ረስቶ ይሄድ ነበር። ጋሽ ኢስማኢል የተገኘውን ቁራጭ ሁሉ፣ ከስኳር መጠቅለያ የተረፈውን ሳይቀር፣ እየሰበሰቡ ስህተት ይለቅሙበታል። ቁጥር ሰባትን ግን ስሙን አያነሡም።

የቁጥር ሰባት ነገር እንዲህ ነው። የጂሩ መርዶ የመጣው ጦርነቱ ሳያልቅ ነው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፤ «በክብር ተሠዋ» ብቻ። ጋሽ ቢራቱ ሱቃቸውን ዘግተው ከረሙና አንድ ቁጥር አወጡ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የጂሩን ፊት የያዘ ወታደር ከማንጎ ዛፍ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ደም የለም። ቆቡ ከራስጌው ተቀምጣለች፣ እግሩ እንደ ደንቡ ሣር ውስጥ ነው። የጂሩ ታላቅ እኅት አዴ ቀለሟ ያቺን ገጽ በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ሰቀሏት። ለቅሶ የተቀመጡትም እሷ ፊት ነው።

የማባዣ ቀለም አይበረክትም። ዓመት በመጣ ቁጥር፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ አዴ ቀለሟ ገጿን ከመስታወቱ አውጥተው ወደ ጋሽ ቢራቱ ይዘው ይመጣሉ፤ ጋሽ ቢራቱ የደበዘዘውን መስመር በቀለም ይደግሙታል። ጋሽ ኢስማኢል ተመልሰው «እዚያ ዛፍ የለም» ማለት ሲጀምሩ ጋሽ ቢራቱ ማታ እንቅልፍ አጡ፤ በመስከረም ገጿ ስትመጣ «አዴ ቀለሟ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ዛፉን ላንሣው» አሉ። አዴ ቀለሟ ብዕሩን ከእጃቸው ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «የቀረውን ድገምልኝ፤ ዛፉን አትንካብኝ» አሉ። በየዓመቱ ሲደገም ሲደገም ግንዱ ወፈረ፣ ቅርንጫፉ ሰፋ፣ ፍሬም አፈራ። ያኔ ችግኝ የሚያህል የነበረው ማንጎ ዛሬ የገጿን ግማሽ ይዟል።

ጋሽ ኢስማኢል ደግሞ ገበያ ሲሄዱ በአዴ ቀለሟ በር አያልፉም። በአንድ እግር ዙሪያውን ይዞራሉ። ጂሩ እንዴት እንደሞተ በነቀምት ምድር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ዘንድሮ ሌንጮ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ፤ መጽሐፍ የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። «አሥር አለቃ ደፋሩን» አንድ ላይ ጠርዘን እናውጣው አለ። ጋሽ ቢራቱ ይኼን ሲሰሙ ወንበር ፈለጉ። ዕድሜ ልካቸውን ስኳር ሲጠቀለልበት የኖረ ሥራ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው ላይ ስማቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሊሆን ነው። ለባለቤታቸው ነገሩ፣ ለቄሱ ነገሩ፣ ለማያውቋቸው የባጃጅ ተሳፋሪዎች ነገሩ። ከየቤቱ ቁራጭ ተሰበሰበ፤ የጎደለውን እሳቸው ከትዝታቸው ደግመው ሣሉ። ከቁጥር ሰባት የቀረችው የአዴ ቀለሟ ገጽ ብቻ ነበረች።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። የድርጅቱ ሰዎች ሥዕሉን አይተው ሌንጮን መልሰው ላኩት። በጋሽ ሸዋርጋ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ሲናገር ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ የሚወጣው የዘመኑ ምስክር ተብሎ ነው። እዚያ አገር ደግሞ ማንጎ የለም። ሰው ይስቅብናል አሉ። ዛፎቹን በኮምፒዩተር እናጥፋቸው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።»

«ካልጠፉስ?»

«ካልጠፉ እዚያ የነበረ ሰው ‹ነበረ› ብሎ በመቅድሙ ላይ ስሙን ማስፈር አለበት። አለዚያ አይታተምም።»

እዚያ የነበረ ሰው! ሁላችንም ዓይናችን ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። ጋሽ ኢስማኢል ቀና አላሉም፤ ፔዳሉን ረገጡት።

አዴ ቀለሟ የደረሱት ይኼኔ ነው። ገጿን ከነመስታወቱ በነጠላ ጠቅልለው፣ ለመጽሐፉ ሊያውሱ ይዘው መጡ። ጋሽ ኢስማኢልን በረንዳው ላይ ሲያዩ ትንሽ ቆም አሉ፣ ከዚያ ገቡ። የተባለውን ነገርናቸው። መስታወቱን ገልጠው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሌንጮን ብዙ አዩት።

«ኢልማ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዛፉን ካነሣችሁት ወንድሜ ፀሐይ ላይ ሊቀር ነው?»

ጋሽ ቢራቱ ከወንበራቸው ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን ጦር ሲያዝዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ድምፅ ግን ወጥቷቸው አያውቅም።

«መጽሐፉ ይቅር» አሉ። «እኔ ያላየሁትን ነው የሣልሁት። ኢስማኢል ልክ ነው፣ ድሮም ልክ ነበር። ዛፉን ግን ማንም አይነካውም። ይቅር፣ ሌንጮ። ሂድ በላቸው።»

አሉና ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ አዴ ቀለሟ ፊታቸውን አዞሩ።

«ኢስማኢል» አሉ። «አንተ ነበርክ። ዛፍ ነበረ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጋሽ ሸዋርጋ ሚዛናቸው ላይ ጨው እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ ኢስማኢል መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ አወጡት፣ አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። በሕይወታቸው ሙሉ በዚያች ማንጎ ስቀዋል፤ ከተማውን በሙሉ አስቀውባታል።

«ጂራ ቱሬ» አሉ መጨረሻ ላይ፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በአማርኛ ደገሙት። «ነበረ፣ አዴ ቀለሟ። ትልቅ ማንጎ ነበረ።»

«ጥላ ነበረው?»

«ሙሉ ጥላ። እኔ ነኝ ከሥሩ ያስተኛሁት። ቆቡን ከራስጌው አስቀመጥኩለት።»

ለአንዲት ቁልፍ ወላሂ የሚሉት ሰውዬ ያን ቀን ወላሂ አላሉም። ይህን ልብ ያላለ አልነበረም። አዴ ቀለሟም ሞኝ አይደሉም፤ ግን ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው የጋሽ ኢስማኢልን እጅ ያዙና «ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ወንድሜ። አንድ ሰው አጠገቡ ነበረ ማለት ነው» አሉ። ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት ሊጠይቁ የፈለጉት ይኼንኑ ነበር። ሌንጮ እስክሪብቶ አወጣ፤ ራሱን አቀርቅሮ «ነበረ» ብሎ ጻፈ፣ የጋሽ ኢስማኢልንም ስም ከሥሩ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነዋ።

ፊልድ ማርሻሉ በመሐረብ ፊታቸውን ሸፍነው ይንሰቀሰቃሉ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አሏቸው ጋሽ ኢስማኢል። «ግንባር ላይ ይኼ ያለ ነው።»

ሳቅን፤ ምን እናድርግ። ጋሽ ኢስማኢል ግን አልጨረሱም። ክራንቻቸውን ተደግፈው ገጿን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረብ ብለው አዩ፣ ብዙ አዩዋት። «አንድ ነገር ግን አለ» አሉ። «ሣሩን አንሣለት። ጂሩ እኮ ያን ሁሉ አገር በእግሩ ነው የሄደው። እግር ሥራለት።»

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ሰላም የለውም። ጋሽ ቢራቱ በሰባ ዓመታቸው እግር መሣል ተማሩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «እስቲ ጫማህን አውልቅ» ይሉታል። የጋሽ ሸዋርጋን እግር ሣሉና ጉማሬ ወጣ፤ የአንዱን ባጃጅ ነጂ ሣሉ፣ ስድስት ጣት ሆነ። እኔንም ሳምንት ሙሉ የለስላሳ ሳጥን ላይ እግሬን አሰቅለው፣ «አታንቀሳቅስ!» እያሉ፣ ግንባር ላይ ሰው እንዴት ሳይንቀሳቀስ ውሎ እንደሚያድር ሲያስረዱኝ ከረሙ። እግሬ ደነዘዘ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ የማወራው ሰው ባገኝ ስንት አምቼአቸው ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ እወዳቸዋለሁ። ባልሄዱበት ጦርነት ከሄዱት ይልቅ ያዘኑ ሰው ናቸው።

መጽሐፉ ሲወጣ ወደ ቁጥር ሰባት መጨረሻ ሂዱ። ከማንጎው ሥር የተጋደመውን ሰው፣ ያለ ሣር፣ ልብ ብላችሁ እዩት። ፊቱ የጂሩ ነው። የግራ እግሩ የጋሽ ኢስማኢል ነው፤ ያለቻቸውን እሷኑ ነው የሰጡት። የቀኙ የኔ ነው።